በዱሉዝ፣ ጨው ሲሟሟ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ዱሉዝ ዳገቷ ላይ
መብራቷን ደርድራ ሐይቁን ቁልቁል ስታይ፣
ኦርቪል ሊንድክዊስት፣ መሪው ላይ ደገፍ ብሎ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት በዚሁ ዳገት ላይ ጨው ሲበትን ውሎ፣
"ጓንትህን አርጥበው" አለኝ። አረጠብኩት።
ነጭ ፍሬ ቆንጥሮ ጣል አደረገበት።
ደቂቃ ሳይሞላ መዳፌ ሞቀ፣
ከዶሮ ሥር እንደወጣ እንቁላል። ጣቴም ብርዱን ለቀቀ።
"ይኼ ካልሲየሙ ነው፤ ብርዱ ሲከፋ የምንጠራው።
ሌላ ጨው አለ ደግሞ፣ ሲሟሟ የሚቀዘቅዘው፤
እግሩ ለወለመ ኳስ ተጫዋች በከረጢት የሚያስሩለት።
ሁሉም መለያየት አንድ ዓይነት ሙቀት የለውም" አለና ሳቀበት።

እኔ ጨው የማውቀው በወጥ ነው፣ በተረት፦
"ለራስህ ስትል ጣፍጥ" ሲሉት፣
"አለዚያ ድንጋይ ነህ" እያሉ ሲያስፈራሩት።
እውነትም ድንጋይ ነው። መብራት ሥር አየሁት፦
አራት ማዕዘን፣ ጥርብ፣ ግንበኛ ያልነካው ግንብ፣
ሶዲየም፣ ክሎራይድ፣ ሶዲየም፣ ክሎራይድ፣ ድርብ በድርብ።
አንዱ ኤሌክትሮን ሰጥቷል፤ ሌላው ተቀብሏል፤
ከዚያ ወዲህ መላቀቅ እንቢ ብሏል።
ጥንድ ናቸው እንዳልል፣ ጥንድ የሚባል የለም፤
ስድስት ጎረቤት አለው እያንዳንዱ፤ የግሉ ግን ማንም።
በእሳት ቢሞክሩት፣ ስምንት መቶ ዲግሪ አልፎ ገና ያኔ ይቀልጣል።
ውሃ ግን
እያሳሳቀ ይወስዳል።

ውሃ ጉልበት የለውም። ያለው ሁለት ፊት ነው፦
በአንዱ ኦክስጅን፣ ኤሌክትሮን ወደ እሱ ያደላበት፣
በሌላው ሁለት ሃይድሮጅን፣ ትንሽ የጎደለበት።
መጀመሪያ የሚደርሱት ማዕዘን ላይ ለቆመው ነው፣
ሦስት ጎረቤት ብቻ ለያዘው።
ሶዲየሙን በኦክስጅናቸው ያባብሉታል፣
ክሎራይዱን በሃይድሮጅናቸው ይዳብሱታል፣
እንደ ለቅሶ ቤት ሴቶች ሐዘንተኛ ሲከቡ፣
አንዷ ስትደክም ሌላዋ እየገባች፣ እስኪነሳ ከግንቡ፤
ከዚያ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ዙሪያውን እንዳጀቡ።

በረዶው ተመልሶ መሰለፍ ይፈልጋል፤
መሃሉ እንግዳ አለ፤ ቦታ ያጣል፤ ይፈሳል።
ዳገቱ እንዲህ እያለ ጠቆረ ከኋላችን።
ጠዋት የተማሪ አውቶብስ ሳይንሸራተት ወጣ። ይኼው ነው ሥራችን።

ሚያዝያ ላይ ማርሊስ፣ የከተማው ውሃ መርማሪ፣
ከቼስተር ጅረት ሁለት ብርጭቆ ቀድታ መጣች።
"ምን ይታይሃል?" አለች።
"ምንም" አለ ኦርቪል። "ውሃ።"
አንደኛው ላይ ብር ናይትሬት ጠብ አደረገችበት፤
እርጎ የመሰለ ደመና ድንገት ተነሳበት።
"ክሎራይድህ ነው። ብር ሲያገኝ የውሃን ማባበል አይሰማም፤
ተያይዘው ይሰምጣሉ።"
ኦርቪል ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሳ፤ ምንም አላለም።
ደመናው ቀስ እያለ ወደ ታች ሲወርድ አየው፣
አሁንም አሁንም እየዞረ አየው።
"በረዶው ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር" አለ።
"ወዴት?" አለችው ማርሊስ፤ ስትጠይቀው ድምፅዋ ክፋት አልነበረው።
"ውሃው ይተናል። እሱ እዚሁ ነው።"

ብር ያልነካውን ብርጭቆ ለምኗት ቀረ፤
በሾርባ መጠጫ ክዳኑ እየቀዳ፣ እየጨመረ፣
ከማሞቂያው ላይ አኖረው። ማክሰኞ ነበረ።
ሐሙስ ጠራኝ። ክዳኑ ውስጥ ነጭ ቀለበት፣
በአጉሊ መነጽር ደቃቅ፣ ጥርብ፣ ባለ ማዕዘን ቤት።
"የቀድሞዎቹ ጎረቤታሞች ናቸው?" አልኩት።
ትከሻውን ሰበቀ። ጣቱን በምላሱ አረጠበ፣ ነካ፣ ቀመሰ፦
"ይጣፍጣል።"
ከዚያ ክዳኑን ሳያጥብ
ሾርባ ቀዳበት።